ጎንደርን በነገሥታቱ ቅደም ተከተል መጎብኘት፦ ለሁለት ቀን እንግዳ የተዘጋጀ መመሪያ

ጎንደር ደርሶ ከሚመለሰው ሰው ብዙው የሚያየው አንድ ግንብ ነው። በዐፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ የቀረውን ግቢ ቸኩሎ ይዞረዋል፣ ከሰዓት በኋላ መዋኛውን ያይና «ጎንደርን አየሁ» ብሎ ይሄዳል። ግቢው ግን የአንድ ንጉሥ ቤት አይደለም። ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ፣ ተራው የደረሰው ንጉሥ ሁሉ ከቀድሞው ቤት አጠገብ የራሱን እያቆመ የሞላው ሰፈር ነው። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሠራ ሳያውቁ ቢዞሩት ሁሉም ግንብ አንድ ይመስላል። በቅደም ተከተል ከሄዱበት ግን አጀማመሩም፣ ጥጋቡም፣ አወዳደቁም በድንጋዩ ላይ ይነበባል።

ይህ መመሪያ በዚያ ቅደም ተከተል የሚሄድ ነው። ሁለት ሙሉ ቀን ይበቃዋል። አንድ ቀን ብቻ ያላችሁ ግቢውንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተረጋግታችሁ እዩ፤ የቀረው ይቆያችሁ።

1. ወሩን መምረጥ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ የዋዛ አይደለም፤ የግቢው ሣር ይጨቀያል፣ የድንጋይ ደረጃዎቹ ያዳልጣሉ። የእኔ ምርጫ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው። ኮረብታው ገና አረንጓዴ ነው፣ አቧራው አልተነሳም፣ ሆቴሎቹም እንግዳ ለማስተናገድ ፋታ አላቸው። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐዩ ይበረታል፤ ዐቢይ ጾምም ስለሚገባ የአብያተ ክርስቲያናቱ የቅዳሴ ሰዓት ይለወጣል፣ ይህን ከታች እመለስበታለሁ። በየትኛውም ወር ብትሄዱ ለማታ ሹራብ ወይም ጋቢ ያዙ።

ጥር ለብቻው የሚታይ ነው። ለጥምቀት የሚሄድና ጎንደርን ለማየት የሚሄድ ሁለት የተለያዩ መንገደኞች ናቸው፤ በዚያ ሳምንት ሁለቱንም ልድረስ የሚል አንዱንም በወጉ አያየውም። ስለ በዓሉ በኋላ ለብቻው ጽፌያለሁ።

2. መንገዱ፣ መታወቂያውና ገንዘቡ

ከአዲስ አበባ በመኪና 730 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰላሙ ጊዜ በዓባይ በረሃ አቋርጦ በባሕር ዳር በኩል የሚደረገው ጉዞ ራሱ አንድ ጉብኝት ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ክልሉ በግጭት ውስጥ በመቆየቱ መንገዶች ሳይታሰብ ይዘጋሉ፤ እገታም የመንገደኛ ስጋት ሆኗል። ስለዚህ በአውሮፕላን ሂዱ፤ በረራው ከአንድ ሰዓት ቢያልፍ ጥቂት ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው ወደሚኖር ሰው ደውሉ። ዘመድ ወይም ወዳጅ ከሌላችሁ ልታርፉበት ያሰባችሁት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ፤ የትኛው ሰፈር ስንት ሰዓት ላይ ጭር እንደሚል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከውጭ አገር የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ዓለም አቀፉን ጉዞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ላደረገ መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራ ዋጋ እንደሚቀንስ አስታውሱ። ሁለቱን ትኬቶች ለየብቻ የሚቆርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሳያነሣው ያልፋል። የቅርስ መግቢያ ዋጋም ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ነው። ፓስፖርታችሁ የሌላ አገር ከሆነና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትተዉት፤ በሩ ላይ በንግግር ብቻ «እኔም የአገሩ ልጅ ነኝ» ማለት አያዋጣም።

ገንዘብን በተመለከተ በስልክ መክፈል እየተለመደ ቢሆንም መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ለባጃጅ፣ ለቡናና ለቤተ ክርስቲያን መግቢያ የሚሆን ዝርዝር ብር በኪሳችሁ ይኑር።

3. ማረፊያ

ፒያሳ አካባቢ እረፉ። ግቢው፣ ገበያውና ምግብ ቤቱ በእግር ይደረሳሉ፤ ለሁለት ቀን ጉብኝት ከዚህ የሚሻል የለም። ከከተማዋ በስተሰሜን ባለው የጎሃ ኮረብታ ላይ ማደር እይታው ግሩም ነው፣ ግን በወጣችሁ በገባችሁ ቁጥር መኪና ትፈልጋላችሁ። እይታውን ማደር ሳያስፈልግ ማግኘት ይቻላል፦ አንዱን ቀን ወደ 11 ሰዓት ተኩል ግድም ወጥታችሁ ቡና ጠጡበት።

4. የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፦ ፋሲል ግቢ

በሩ ሲከፈት ግቡ። ጠዋት ብርሃኑ ለዓይንም ለፎቶም ይመቻል፣ የተማሪ ጉዞና የሰርግ ፎቶ አንሺዎችም ገና አልደረሱም። ትኬቱን ስትቆርጡ የፋሲል መዋኛንም ይጨምር እንደሆነ ጠይቁና ቁራጩን አትጣሉት። አስጎብኚ ያዙ፤ በሩ አካባቢ መታወቂያ ያንጠለጠሉትን ፈልጉ፣ ዋጋውንም ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «በነገሥታቱ ቅደም ተከተል አሳየኝ» በሉት። ጥሩ አስጎብኚ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል።

ከመጀመሪያው ግንብ በፊት አጥሩን ተመልከቱ። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቅጥር 12 በሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ በር የራሱ ባለቤት ነበረው። ዳኞች በወንበር በር፣ እምቢልታ ነፊዎች በእምቢልታ በር፣ የፈረሰኛው አለቃ በባልደራስ በር ይገቡ ነበር። እናንተ ዛሬ በአንድ በር ገብታችሁ በዚያው ትወጣላችሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሰው በየትኛው በር እንደገባ ያየ ማዕረጉን ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ዐፄ ፋሲለደስ ግንብ ሂዱ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜያቸውን በድንኳን ከተማ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ነበር የሚያሳልፉት። ዐፄ ፋሲል በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለውን ይህን ከፍታ መርጠው ተቀመጡ። «ግንቡን ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚል ወሬ መስማታችሁ አይቀርም። ስትሰሙ ይህን አስቡ፦ ዐፄ ፋሲል አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሉትን የካቶሊክ እምነት ሽረው፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው እነርሱ ከተባረሩ በኋላ ነው። አሠራሩ የህንድ፣ የዓረብና የአውሮፓ እጅ ያረፈበት ቅልቅል ነው፤ ያን ሁሉ አዋሕዶ የጎንደር መልክ ያደረገው ግን ይህ ግቢ ነው።

ከደጁ ቆማችሁ ማየት ብቻ አይበቃም። ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ ሳይጠረብ እንደወጣ በኖራ ተያይዟል። ዓይናችሁን ወደ መስኮቱ ቅስት ስታነሡ ግን ድንጋዩ ይለወጣል፤ ቅስቱን የያዘው ቀላ ያለ፣ ለመጥረብ የሚመች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ግንበኛው ጠንካራውን ለሸክም፣ ለስላሳውን ለጌጥ መድቦታል። ይህን አንድ ጊዜ ካያችሁ በኋላ በከተማዋ ባለ አሮጌ ግንብ ሁሉ ላይ ትፈልጉታላችሁ። የግንቡ ቁመት 32 ሜትር ያህል ሲሆን አራት ማዕዘኖቹ ላይ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉልላቶች አሉ። ወደ ሰገነቱ መውጣት በተፈቀደበት ቀን ከሄዳችሁ ውጡ፤ ሰማዩ ጥርት ሲል በስተደቡብ ጣና ይታያል።

ቀጥሎ የልጃቸው የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ግድግዳው ከሌሎቹ ለምን እንደሚለይ ከጠየቃችሁ መልሱ ጣሊያኖች ናቸው፤ በወረራው ዘመን ለሥራ ሲገለገሉበት ለስነውታል። ጥቁሩን ድንጋይ አይታችሁ ስለመጣችሁ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል።

ከዚያ የዐፄ ፋሲል የልጅ ልጅ፣ የዐፄ ኢያሱ ታላቁ ቤተ መንግሥት። እዚህ ቁጭ በሉ። ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. የነገሡት ኢያሱ ጎንደርን ከሁሉ በላይ ያበለጸጉ ንጉሥ ናቸው። በ1691 ዓ.ም. ሊያክማቸው የመጣ ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የቤተ መንግሥቱን ግርማ በመጽሐፉ አስፍሯል። አዳራሹ በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ ነበር ይባላል። ዛሬ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት ሰማይን ነው። ሕንፃው በራሳቸው ዘመን በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል፤ በኋላም ጣሊያን ግቢውን ዋና መምሪያ አድርጎ ስለነበር በጦርነቱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደብድበውታል። የጣሊያን ጦር በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ ነው፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም.። ከውጭ ሲያዩት የጣሪያው ሁለት ጫፍ ኮርቻ ይመስላል፤ ለፈረስ ፍቅር የነበራቸው ንጉሥ ሆን ብለው እንዳሠሩት ይተረካል።

ከዚህ ወደ ሰሜን በተራመዳችሁ ቁጥር ዘመኑ ወደ ፊት ይሄዳል። የዐፄ ዳዊት ሦስተኛ የዘፈን ቤት፣ ቀጥሎ የዐፄ በካፋ ረጅም የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጣ ይመጣሉ። አዳራሾቹ እየረዘሙ ሲሄዱ ማማዎቹ እያነሱ መሄዳቸውን ልብ በሉ። በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው በአገሩ እየተዘዋወሩ ሕዝቡ የሚለውን ያዳምጡ ነበር ይባላል፤ ቋራ ላይ ታመው ሳሉ ካስታመመቻቸው ወጣት ጋር የተጋቡትም በእንዲህ ያለ ጉዞ እንደሆነ ይነገራል። እርሷ እቴጌ ምንትዋብ ናት። በግቢው ሰሜናዊ ጫፍ ያለው የመጨረሻው ግንብ የእርሷ ነው፤ በግድግዳው ላይ ያሉትን መስቀሎች ፈልጉ። ምንትዋብ ባሏ በ1723 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ በልጇ በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ፣ ቀጥሎም በልጅ ልጇ በዐፄ ኢዮአስ ስም አገር አስተዳድራለች። ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ሲገደሉ ዘመነ መሳፍንት ገባ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ግቢ ውስጥ እነዚህን የሚያህል ግንብ አልተሠራም።

ሦስት ሰዓት ያህል መድቡለት። የአንበሳ ማኖሪያዎቹን ልጆች ካልያዛችሁ መዝለል ትችላላችሁ።

5. የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት፦ ጃንተከል፣ ፒያሳ፣ መዋኛው

ከግቢው እንደወጣችሁ ከፊት ለፊት የጃንተከል ዋርካ ጥላ አለ። አረፍ በሉ። ከዚያ ወደ ፒያሳ ውጡ፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ሐውልትና ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራቸውን ሕንፃዎች ታያላችሁ። የሐውልቱን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ቴዎድሮስ የቋራ ልጅ፣ የአገሩ ኩራት ናቸው፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን የዘረፉና ያቃጠሉም እርሳቸው ናቸው። ከተማዋ ሁለቱንም ይዛ ትኖራለች።

ምሳ በልታችሁ ፀሐዩ ሲበርድ በባጃጅ ወደ ፋሲል መዋኛ ውረዱ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ። ከጥምቀት ውጭ ገንዳው ደረቅ ነው፤ ውኃው የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ ሲሆን የሚሞላውም ለበዓሉ ነው። «ባዶ ነው እንዴ?» ብሎ የሚያዝን እንግዳ አለ። እኔ ግን ባዶውን እወደዋለሁ። ጸጥታው አለ፣ መሐል ላይ ያለው ግንብ ቅስቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ፣ የዋርካዎቹ ሥሮችም የአጥሩን ድንጋይ ጨብጠው ወደ ታች ሲወርዱ በቅርብ ማየት ይቻላል። የቱ ሥር የቱን ድንጋይ እንደደገፈ፣ የቱ ደግሞ እየገፋ እንደሚያፈርሰው ለመለየት ያስቸግራል። አቅራቢያው ያለችውን ባለ ጉልላት ትንሽ ግንብ ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መታሰቢያ ነች ይሏታል።

6. የሁለተኛው ቀን ጠዋት፦ ደብረ ብርሃን ሥላሴ

እዚህ ላይ የሰዓቱ ነገር ይመጣል። በፍስክ ቀን ቅዳሴው ጠዋት ያልቃል፤ በረቡዕ፣ በዓርብና በአጽዋማት ግን ወደ ቀትር ይገፋል። ስለዚህ በጾም ቀን ማልዳችሁ፣ በፍስክ ቀን ረፈድ አድርጋችሁ ሂዱ። ነጠላ ያዙ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፣ ወንድና ሴት የሚገባበትን በር ጠይቁ። ፎቶ ማንሳት ሲፈቀድላችሁም ብልጭታውን አጥፉ።

ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ ያሠሩት ዐፄ ኢያሱ ታላቁ ናቸው፤ በ1686 ዓ.ም. ተመረቀ። የመጀመሪያው ክብ ሕንፃ በመብረቅ ተመትቶ ስለጠፋ የምታዩት አራት ማዕዘኑ በኋላ የተሠራ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ይህ ነው። ካህናቱን ጠይቁ፤ የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን እንዴት እንዳባረረ ይነግሯችኋል።

ስትገቡ ቀና አትበሉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁና መጀመሪያ ከመቅደሱ በር በላይ ያለውን ሥዕለ ሥላሴ ተመልከቱ፤ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሦስት ሽበታም አረጋውያን፣ ከሥራቸው ስቅለቱ። ቀስ ብላችሁ ግድግዳውን ዙሩ፣ ቅዱሳኑን በየፈረሳቸው እዩ። በመጨረሻ ወደ ጣሪያው። በረድፍ በረድፍ የተሣሉት መላእክት ክንፍና ፊት ብቻ ናቸው፤ ሰፋፊ ዓይኖች፣ የተከፈለ ጥቁር ጠጉር። ከሩቅ ሁሉም አንድ ናቸው። አንዱን ረድፍ ይዛችሁ ፊት በፊት ስትከተሉ ግን አንዱ ያዘነ፣ አንዱ የተገረመ፣ አንዱ ወደ ጎን የሚያይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንገት እስኪደክም ማየት ይገባል። ለቡድን ጉዞ የሚመደበው ሩብ ሰዓት ለዚህ ጣሪያ ስድብ ነው።

7. ቁስቋም

የምንትዋብን ታሪክ ግቢው ውስጥ ስለጀመራችሁ እዚህ ጨርሱት። እቴጌዋ ከግቢው ወጥታ ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከተራራው ሥር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያምንና የራሷን ቤተ መንግሥት አሠራች። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ በዚህ ቤት ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተሰቡን አባላት አክሞ ነው ሞገስ ያገኘው። ግንቡ ፍርስራሽ ነው፤ ቀይ ድንጋዩና የተቀረጹት መስቀሎች ግን አሁንም ደምቀው ይታያሉ። የእርሷን፣ የልጇንና የልጅ ልጇን አፅም ካህናቱ ያሳያሉ፤ ቁልፍ ያለው አባት እስኪመጡ መጠበቅ ሊኖር ስለሚችል አትቸኩሉ። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ስለሆነ ያን ቀን ለመጎብኘት ሳይሆን ለማክበር ሂዱ።

8. የቀረው ግማሽ ቀን

ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው አዲስ ዓለም ነው። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኖ ነበር፤ በንግዱ ከተማዋን ያቆማት ሰፈር በዚያ ውሳኔ የተገፋው ነው። ቅዳሜ ከሆነ ከቅዳሜ ገበያ ጋር አያይዙት፣ ኪሳችሁን ግን ጠብቁ።

ሁለተኛው ወለቃ ነው፤ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ነዋሪዎቿ አብዛኛዎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ትንሿ ምኩራብና የሸክላ ሥራው ቀርተዋል። ከእስራኤል የወላጆቻቸውን ቀዬ ሊያዩ የሚመጡ ወጣቶች እዚህ ይቆማሉ። ለእነርሱ ይህ ጉብኝት ብቻ ስላልሆነ ካሜራችሁን ዝቅ አድርጉ። ከመውጣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ ጠይቁ።

9. በጥምቀት ለሚሄዱ

ማረፊያ ወራት ቀድማችሁ ያዙ፤ ዋጋው እንደሚጨምር አውቃችሁ ሂዱ። ከተራ ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ዳር ሆኖ ማየት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከማግስቱ ጠዋት ይበልጣል፤ ወረቡ፣ ሆታውና እልልታው በፊታችሁ ያልፋል። ለጥር 11 ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ካልደረሳችሁ ቦታ የለም። ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ከየአጥሩ እየዘለለ ይገባል፤ ልጅ የያዘ ሰው ከገንዳው ዳር ይራቅ። ለተመልካች በእንጨት የሚሠራ መቀመጫ ካለ ሰው ሲበዛበት ውረዱ፤ በዓሉ በዩኔስኮ በተመዘገበበት በ2012 ዓ.ም. እንዲህ ያለ መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት የሚመለስበት ስለሆነ በዓሉ በ11 አላለቀም፤ የመመለሻ በረራችሁን ለ13 ያዙ።

10. ሦስተኛ ቀን ካላችሁ

በቅደም ተከተሉ ከሄድን የጎንደር ታሪክ የሚጀምረው ከጎንደር ውጭ ነው፦ በእንፍራንዝ አቅራቢያ ባለው በዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብና በጣና ዳር ጎርጎራ ባለው በዐፄ ሱስንዮስ ማርያም ግምብ። ሁለቱም ከግቢው ጋር በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ቦታዎች መካከል ናቸው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማዳረስ አድካሚ ነው። ጎርጎራን ምረጡ፤ የደብረ ሲና ማርያም ሥዕሎችም እዚያው ስላሉ ጉዞው ሁለት ነገር ያሳያል። መኪና ከነሾፌሩ ተከራዩ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን በዚያው ጠዋት አረጋግጡ፣ ከምሽቱ በፊት ተመለሱ። አውሮፕላናችሁ በዚያው ቀን ከሆነ አትሞክሩት፤ አየር ማረፊያው ያለው አዘዞ በስተደቡብ ቢሆንም በመንገድ ላይ ያለ አንድ ፍተሻ በረራውን ሊያሳጣችሁ ይችላል።